ያልተገላበጠው ኮርቻ

ባለቤቴ ኮርቻ ሊገዛ ወጥቶ ለቅሶ ደርሶ ተመለሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ኮርቻውን በሁለት እጁ ታቅፎ ሲገባ ፊቱ ከቀብር የመጣ ሰው ፊት ነበር፤ ድምፁም ዝቅ ብሏል። ሳሎን መሃል ቆሞ «ሴትዮዋ ባላቸው ሞተውባቸው ነው የሚሸጡት» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «አገላብጠህ አየኸው?»

ኮርቻውን የሶፋው ክንድ ላይ በቀስታ አስቀመጠና ጃኬቱን ሊሰቅል ሄደ። ጃኬት የመስቀል ልማድ የለውም። እዚያው ገባኝ።

ግድየለሽ ሰው ቢሆን ያን ያህል ባልተናደድኩ። ባለቤቴ ሐብሐብ ሲገዛ የክምሩን ግማሽ በጣቱ ሳያንኳኳ አይመርጥም። አሁን የምንነዳትን መኪና ሲገዛ ሁለት ጓደኞቹንና አንድ መካኒክ አስከትሎ ሄዶ፣ በዚህ በማያባራው የሲያትል ዝናብ ከሥሯ ተኝቶ ነው ያያት። ጓደኞቹ እስከ ዛሬ «ሊገዛት ነው ወይስ ሊያገባት?» እያሉ ይስቁበታል። ሴት ልጁ ሕይወት ባለው እንስሳ ጀርባ ላይ የምትቀመጥበትን ነገር ግን ሳይነካ ገዝቶ መጣ።

ልጃችን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፈረስ ከየት እንደመጣባት አናውቅም። በእኔም በእሱም ወገን የጋለበ ዘመድ ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ እኔ ያደግሁት ታክሲ ተጋፍቼ ነው። አንድ ጊዜ የክፍል ጓደኛዋ ልደት ላይ ፈረስ አስወጧትና በዚያው ቀረች። ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የፈረስ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጋጣ ታጸዳለች፤ በልዋጩ አንዲት ዳማ ባዝራ እንድትጋልብ ይፈቅዱላታል። ኮርቻው የውሰት ነበር። የኮርቻው ባለቤት የሆነችው ልጅ ኮሌጅ ስትገባ ይዛው ሄደች፤ ልጄ ያለ ኮርቻ ቀረች።

የፈረስ ቤቱ ባለቤት ረጅም፣ ፊቷን ፀሐይ የጠበሰው፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ያገለገለ የካውቦይ ኮርቻ እንዴት እንደሚታይ ሦስታችንንም አቁማ አስተማረችን። ብልጭልጩን አትዩ አለች፤ ብረት ማንም ይለጥፋል። መጀመሪያ የሠሪውን ማኅተም ፈልጉ፣ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጎን ቆዳው ላይ ይመታዋል፤ ማኅተም የሌለው ብዙውን ጊዜ ሠሪው ያፈረበት ሥራ ነው። ጠፍሩን እጠፉት፤ ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ቆዳው ሞቷል። ገልብጡትና ሆዱን እዩ፤ የበግ ፀጉሩ እውነተኛ ነው? ግራና ቀኙ እኩል ነው ያለቀው? ቆዳው ላይ ያለው አበባ በእጅ የተቀረጸ ከሆነ አንዱ ቅጠል ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ በማሽን ከሆነ ሁሉም መንታ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ መቀመጫውን ዳብሱ፤ የድሮዎቹ ስፖንጅ የላቸውም፣ የኋላ መደገፊያቸውም ከፍ ያለ ነው።

ዋናውን መጨረሻ ላይ ነው ያሳየችን። በቆዳው ውስጥ የእንጨት አጽም አለ። የራሷን ኮርቻ አፍንጫው መሬት ላይ እንዲያርፍ አቆመችው፣ በጉልበቶቿ መሃል ያዘችው፣ ከዚያ የኋላ መደገፊያውን በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነች። ንቅንቅ አላለም። «ቆዳ ይጠገናል፣ የበግ ፀጉር ይቀየራል፣ ጠፍር ይገዛል» አለች። «ስትጫኑት ከወገቡ ከታጠፈ ግን እንጨቱ ተሰብሯል፤ ያኔ ኮርቻ የላችሁም።» የተሰበረው እንጨት የፈረሱን ጀርባ ይወጋል፤ የተወጋ ፈረስ ደግሞ ላዩ ያለውን ሰው ይጥላል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቆሞ በስልኩ ቀርጾታል።

እኔ ትምህርቷን ወደድኩት፣ የምኖርበት ነገር ነውና። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ዙሪያውን እዞራለሁ፤ ጎማውን በእጄ እነካለሁ፣ የአደጋ በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ እያንዳንዱን መቀመጫ ተጭኜ አያለሁ። የሰው ልጅ የሚቀመጥበት ነገር ሳይነካ ደህና ነው አይባልም። ያን ቅዳሜ ለተማሪዎች ጉዞ ሥራ ባልገባ ኖሮ ኮርቻውን የማየው እኔ ነበርኩ።

እራት ላይ ሁሉንም ከአፉ አወጣሁት። የሴትዮዋ ቤት ከታኮማ ወጣ ብሎ ነው። ኮርቻው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ የእንጨት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ባርኔጣ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ በዕድሜ ገፋ ያለች ናት። «የባሌ ነው፤ ቅጠል ሲረግፍ ሞተ» አለችው። ከዚያ በኋላ የሄደበት ጉዳይ አለቀ። ባለቤቴ ኮፍያውን አወለቀ፣ የቀረበለት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ። ኮርቻ ገዢው ለቀስተኛ ሆነ። ሴትዮዋ ስለ ሰውየው ታወራለች፣ እሱ «አይ ኖው፣ አይ ኖው» ይላል። ማልቀሱን አልነገረኝም፤ ግን አውቀዋለሁ፣ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚያለቅስ ሰው ነው።

«እሺ፣ ልትወጣ ስትነሳስ? አንዴ ተጫን ብታደርገው ምን ነበረበት?»

«እጃቸው ኮርቻው ላይ ነበር።»

«ምን?»

«ሲያወሩኝ ሁሉ እጃቸውን ኮርቻው ላይ አድርገው ነበር። እጅዎን ያንሱ ልበላቸው? የሟች ኪስ መፈተሽ መሰለኝ።»

«እጅ ይነሳል!» ብዬ ጮህኩ። «ይነሳል፣ ይታያል፣ ይመለሳል!»

ዋጋም አልተከራከረም፤ ከሐዘንተኛ ጋር እንዴት ተደርጎ። ለማን እንደሚገዛም አልነገራትም። «ሐዘን ቤት ገብቼ ልጄ ፈረስ ልትጋልብልኝ ነው እያልኩ ልደሰት?» አለኝ። በዚህኛው ልፈርድበት አልቻልኩም። ሰው በሞተበት ቤት የራስን ልጅ ደስታ ይዞ አይገባም፤ እኔንም ያሳደጉኝ እንደዚያ ነው።

ሳህኑን ሳላነሳ ኮርቻውን ወለል ላይ አወረድኩት። ላዩ ያስደንቅ ነበር። ማኅተሙ አለ፣ ደብዝዟል እንጂ። አበባው በእጅ የተቀረጸ ነው፤ አንድም ቅጠል ከሌላው አይመሳሰልም። መደገፊያው ከፍ ያለ፣ መቀመጫው ስፖንጅ የሌለው፤ በዕድሜ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። ጠፍሩን አጠፍኩት፣ እንደ ጨርቅ ታጠፈልኝ፤ ሰውየው ዓመት ከዓመት ዘይት ሲቀባው ኖሯል። የበግ ፀጉሩም እኩል ነው። ሴትዮዋ ከጠየቀችው በብዙ የሚበልጥ ኮርቻ ነው፤ ይኸው ራሱ ቅር አሰኘኝ። ጥሩ ነገር በርካሽ ሲሰጡኝ እፈራለሁ።

አፍንጫውን ወለሉ ላይ አድርጌ፣ በጉልበቴ ይዤ፣ ተጫንኩት። ትንሽ ሸብረክ አለ። ከውስጡ ያቃሰተ መሰለኝ። ላዩ እንዲህ አምሮ ውስጡን ለቄስ።

«ቆዳው ነው የሚጮኸው» አለ ባለቤቴ ከላዬ ቆሞ። «አዲስ ጫማም እኮ ይጮሃል።»

ልጄ ግን ገና ከበር ስትገባ ኮርቻውን አፍቅራው ነበር። ሶፋው ክንድ ላይ መልሳ ሰቅላው፣ ላዩ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ደብተሯን አወጣች። የፈረስ ቤቱ ባለቤት ሳታየው ፈረስ ላይ አይወጣም ስላት እንባዋ መጣ።

«ማሚ፣ ኢትስ ፋይን! ባባ ቼክ አድርጎታል!»

ወደ አባቷ ዞረች። እሱ ወለሉን ነበር የሚያየው።

«አላደረግሁም» አላት።

ልጄ ከኮርቻው ወርዳ ደብተሯን ሰብስባ ክፍሏ ገባች። ያን ያህል ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ ያን ያህልም አሳዝኖኝ አያውቅም። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም።

ሳምንቱ ከባድ ነበር። ባልና ሚስት ስለ ጨውና ስለ ቁልፍ ብቻ ነው ያወራነው። ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫዎቹን ስጫን ያ ድምፅ ይሰማኛል። ቢከን ሂል ከሚባለው ሰፈር ቁልቁል ስነዳ፣ ከኋላዬ የሰው ልጆች ሲንጫጩ፣ የእኔ ልጅ ከፈረስ ስትወድቅ ይታየኛል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞ መሪ አይያዝም፤ በጸሎት ነው ያባረርኩት።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። የፈረስ ቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜ ተጫነችውና ቆመች። እጄን ይዛ መደገፊያው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ከእኔ ጋር ስትጫነው ወገቡ ላይ የሚታጠፈው ቦታ ጎልቶ ተሰማኝ። ከዚያ ኮርቻውን ወደ ብርሃን አዞረችው። በመደገፊያው አናትና ከፊት በሚወጣው ቀንድ ላይ ቆዳው ተፍቋል፤ ጠጠር የቧጨረው ነው። ላዩ ላይ ዘይት ተቀብቶ ስለጠቆረ እኔ አላየሁትም ነበር።

«ፈረሱ ወደ ኋላ ተገልብጦበታል» አለች። «እንዲህ የሚሰበረው ፈረሱ ራሱ ሲወድቅበት ነው።» ልጄን አየት አድርጋ ኮርቻውን መሬት አስቀመጠችው። ዋጋውን ስጠይቃት፣ ደህና ቢሆን ኖሮ የአንድ ወር የቤት ኪራያችንን እንደሚያወጣ፣ አሁን ግን የመስኮት ጌጥ መሆኑን ነገረችኝ።

መኪናው ውስጥ ልጄ ከኋላ ወንበር «ሶ ሰውየው እዚህ ላይ ሆኖ ነው የሞተው?» አለች። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«ባላቸው በምን ሞቱ አሉህ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለቅሶ ደርሰህ ምን ሆነው ነው ሳትል ወጣህ?»

«በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ጨነቀኝ። ይከፋቸዋል ብዬ።»

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እኮ እሱን ነው። ሐዘንተኛው ይናገራል፣ የመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ይሰማል። ባለቤቴ የወጉን ግማሽ ይዞ ግማሹን መኪና ውስጥ ትቶት ገብቷል። እኔ ግን ከእሱ ይልቅ ሴትዮዋ ላይ ነደድኩ። ታውቅ ነበር። ባሏ የሞተበትን ኮርቻ ለእኔ ልጅ ሸጠችልኝ። እመልሰዋለሁ አልኩ፤ ደግሞም ዳግመኛ ፈረስ ጀርባ ላይ እንደማይወጣ ሳላረጋግጥ ቤቴ አልገባም። የእኔ ልጅ ብትተርፍ ነገ የሌላ ሰው ልጅ ትቀመጥበታለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጃችንን እህቴ ጋ ትተን ወደ ታኮማ ነዳሁ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ታቅፎ ነው መኪና የገባው።

«ልንጣላ ነው የምንሄደው ወይስ ልንጠይቃት?» አልኩት።

«ባዶ እጄን እሳቸው ቤት አልገባም» አለ።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ባለቤቴ ኮርቻውን፣ እኔ ዳቦውን ይዘን ቆመናል። ኮርቻውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሳሎን ገባን። ማቆሚያው ባዶውን መስኮቱ ሥር አለ። ባለቤቴ ኮርቻውን መልሶ እላዩ ላይ አስቀመጠው። እኔ መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን እንግሊዝኛ አመጣሁት።

«ይህ ኮርቻ የተሰበረ ነው። ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ» አለች። ለመካድ እንኳ አልሞከረችም። «ከባልሽ በፊት የመጡት ሁሉ ተጭነውት ነበር። በተጫኑት ቁጥር ያ ድምፅ ይወጣል። ሰምተውት ትተውት ይሄዳሉ፣ እኔ እዚህ ከድምፁ ጋር እቀራለሁ። ባልሽ ግን አልነካውም። ተቀመጠና አለቀሰልኝ። የገባው መሰለኝ። ለማስታወሻ የሚወስደው መሰለኝ። ስለ መጋለብ አንድ ቃል አልተናገረም እኮ።»

ባለቤቴን አየሁት። እሱ ባርኔጣውን ነበር የሚያየው።

«ለልጃችን ነበር» አልኳት። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው።»

ሴትዮዋ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «ተቀምጣበታለች?»

«ሶፋ ላይ ብቻ» አልኩ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ የምጣላው ሰው አጣሁ። ሳምንት ሙሉ የቋጠርኩትን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቢሆንም ጠየቅኋት፤ «ለምን አልነገሩትም?»

«እንደተሰበረ ከነገርኩት እንዴት እንደተሰበረ ልነግረው ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ አዝናለሁ ይልና ወሬ ይለውጣል።»

ጎኗ ተቀመጥኩ። «ባልዎ ምን ሆነው ነው?» አልኳት፣ እኛ እንደምንጠይቀው።

ነገረችኝ። ከቁርስ ነው የጀመረችው። ፈረሱ ልጅ እግር ነበር፣ ገና ያልተገራ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ግቢው ያንሸራትት ነበር። ዛሬ ይቅርብህ ብላዋለች። ሳህን እያጠበች በኩሽናው መስኮት ታየው ነበር፤ ፈረሱ በኋላ እግሩ ሲቆም፣ ሲንሸራተት፣ ወደ ኋላ ሲመጣ። የውሃውን ቧንቧ ሳትዘጋ ነው የሮጠችው። ቤቱ ውስጥ ውሃ እንደፈሰሰ ያወቀችው ማታ ነው። ይህን ስትናገር ተነስታ ወደ ኮርቻው ሄዳ ነበር፤ እጇ መደገፊያው ላይ፣ የተፋቀው ቦታ ላይ አርፏል። ባለቤቴ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ዳቦውን ሰጥተናት፣ አቅፈናት፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለን በአማርኛ ተሰናብተናት ወጣን።

አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣን በኋላ ነው ባለቤቴ የተናገረው።

«ኮርቻው ዳግመኛ ፈረስ ላይ እንዳይወጣ ልትነግሪያቸው ነበር፤ አልነገርሻቸውም።»

«እጇ ኮርቻው ላይ ነበር» አልኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን ይዞ ዕድሜ ልኩን ይስቅብኝ ነበር። እሱ አልሳቀም፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ግን የቀጣዩ ሰው ታየኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ሴትዮዋ አንድ ነገር ብትሆን፣ ዘመድ መጥቶ ዕቃዋን ቢሸጥ፣ አንድ ደግ አባት ኮፍያውን አውልቆ ሳይነካው ቢገዛ። ልጅቷ ሶፋ ላይ ሳይሆን ፈረስ ላይ ትወጣለች። መውጫው ጋ ስደርስ ፍሬቻ አሳየሁና መኪናውን አዞርኩ።

በሩን ስትከፍት ዳቦውን ቆርሳ እጇ ላይ ፍርፋሪ ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። ኮርቻውን መውሰድ አልፈልግም፤ ቦታው እዚሁ ነው። ግን የሆድ ጠፍሩ የሚታሰርባቸውን ቀለበቶች የያዘው ቆዳ ግራና ቀኙ ይቆረጥ። ያ ከተቆረጠ ማንም ፈረስ ላይ ሊያስረው አይችልም። አትኩራ አየችኝ። ከዚያ ኩሽና ገብታ የባሏን ታጣፊ ቢላ ይዛ መጣችና በእጀታው በኩል ሰጠችኝ። ሳሎን አስገብታን ተመልሳ ከኮርቻው ጎን ቆመች፣ እጇንም እላዩ ላይ አሳረፈች።

«እጅዎን ያንሱልኝ» አልኳት።

አነሳች። ባለቤቴ ኮርቻውን ደግፎ ያዘልኝ። ቆዳው ወፍራም ነው፣ ዘይቱን የጠጣ፤ ጥሩ ቆዳ ስለሆነ ቶሎ አልቆረጥ አለኝ። ሴትዮዋ ያነሳችውን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ደረቷ ላይ ይዛው ቆማለች። አንደኛው ቀለበት ወለሉ ላይ ወደቀ። ዞሬ ሌላውን ቆረጥኩ። ቢላውን አጠፍኩና ራቅ አልኩ።

እሷም እጇን መለሰችበት።